የአንበሳው ብርና ሦስቱ ቀለማት፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሌላው ታሪክ

1887 ዓመተ ምሕረት የሚል ቁጥር የተቀረጸበት አዲስ የብር ገንዘብ በፓሪስ ከተማ ተመትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ኢትዮጵያ ደረሰ። በአንደኛው ገጹ ዘውድ የደፉ ንጉሠ ነገሥት ምስል አለ። በሌላኛው ገጹ ደግሞ ዘውድ የደፋ፣ መስቀል የተሰካበትን ዘንግ በፊት እግሩ የያዘ አንበሳ ይራመዳል። በዙሪያው የተቀረጸው ጽሑፍ ግእዝ ነው። ገበያተኛው ብሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን አዳመጠው። ከዚያም ብዙው ሰው መልሶ ሰጠ። ገበሬው የሚያውቀው ብር ሌላ ነበር፤ ከሩቅ ሀገር የመጣ፣ የሞተች ንግሥት መልክ ያለበት ጠገራ ብር።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሲነሡ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሣው ዓድዋ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እኒህ ንጉሥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሀገሪቱ የራሷን ገንዘብ፣ የራሷን የፖስታ ቴምብርና ሦስቱን ቀለማት በአንድ ጨርቅ ያዋሐደ ሰንደቅ ዓላማ ያበጁ ሰውም ናቸው። ሦስቱም ሥራዎች ከ1885 እስከ 1890 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ተጠናቀቁ። ወቅቱ በሬ ያለቀበት፣ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት፣ የውጭ ጦር ከሰሜን የገፋበትና የግዛቱ ወሰን በጦር ኃይል ወደ ደቡብ የሰፋበት ዘመን ነበር። የምልክቶቹ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ አያታቸው ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ምኒልክ የሚለው ስም ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ተወለደ ከሚባለው ከመጀመሪያው ምኒልክ የተወሰደ ነው። በኋላ በብሩና በማኅተሙ ላይ የሚታየው አንበሳም ከዚሁ የዘር ሐረግ ትረካ ጋር የተያያዘ ነው። የይሁዳ ነገድ አንበሳ የሚለው መጠሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ሲሆን በዮሐንስ ራእይ አምስተኛ ምዕራፍ ይገኛል። የኢትዮጵያ ነገሥታት የሰሎሞን ዘር ነን ሲሉ ይህን ስም የማዕረጋቸው መክፈቻ አደረጉት። አንበሳውን በማኅተም ላይ ማሳረፍም በምኒልክ የተጀመረ አይደለም፤ ከእርሳቸው በፊት አጼ ዮሐንስ አራተኛ በማኅተማቸው ይጠቀሙበት ነበር። ምኒልክ ያደረጉት ከንጉሥ ደብዳቤ ላይ አውርደው ወደ ገበያ ማምጣታቸው ነው።

ልጅነታቸው በቤተ መንግሥት ምቾት አላለፈም። በ1848 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ አባታቸው በሕመም ሞቱ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ። በምርኮ ላይ እያሉ ግን ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎ ወረዱ። በዚያ ያገኟቸው የወሎዋ ገዢ ወርቂት ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ታስሮባቸው ነበር። አምላጩን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያተርፉ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው፤ ልጃቸውም ተገደለባቸው። የምኒልክ ዙፋን የቆመው በዚህች ሴት ውለታ ላይ ጭምር መሆኑ ከሚገባው በታች የሚነገር ታሪክ ነው።

የሸዋ ንጉሥ ሆነው ሃያ አራት ዓመት ገዙ። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ለአጼ ዮሐንስ ገብረው ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ። በ1875 ዓ.ም. ከጣይቱ ብጡል ጋር በቁርባን ተጋቡ። እንጦጦ ከዚያም አዲስ አበባ ተቆረቆሩ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ሲወድቁ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ለምኒልክ ክፍት ሆነ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ።

ዘውዱ የተደፋው በክፉ ቀን መካከል ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ ሀገሩን አዳረሰ። በሽታውን ያመጡት ጣሊያኖች ለጦራቸው ያስገቧቸው ከብቶች እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፍት ይስማማሉ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። እርሻውን በጥማድ በሬ ለሚያርስ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሶ አደር ማስረዳት አያስፈልግም። በሬ ሲሞት ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ካደረ ለዘር የተቀመጠው እህል ለምግብ ይወጣል፤ ዘሩ ከተበላ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢዘንብም የሚዘራ የለም። በዚህ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታተሉ፤ ኮሌራና ፈንጣጣም ተጨመሩ። ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ደስታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በዓለም ደረጃ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አንድ የከብት በሽታ እንዲህ ተጠራርጎ ሲጠፋ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ የነበሩት ገብረ ሥላሴ የዘመኑን ታሪክ ሲጽፉ፣ ምኒልክ በሬ የሌለው ሰው በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ ማዘዛቸውንና ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውን አስፍረዋል። መኳንንቱና ሠራዊቱም ተከተሏቸው። ንጉሥ በእጁ መሬት ሲቆፍር መታየቱ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው፤ የእርሻ ሥራ ከጦር ሥራ በታች ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። ዶማ ግን የበሬን ቦታ አይሞላም። በአንድ ጥማድ የሚታረሰው ማሳ በዶማ ሲቆፈር ስንት ሰውና ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሞከረው ያውቀዋል። ሌላም እርምጃ ነበር። ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ ጎተራውን ሲያራቁት የኖረበትን ልማድ ለማስቀረት፣ በ1885 ዓ.ም. ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ፣ እህሉም በመንግሥት ጎተራ ተከማችቶ ለሠራዊቱ እንዲሰፈር ታዘዘ። ትእዛዙ በሁሉም ስፍራ በእኩል አልተፈጸመም። በሰሜን ዘመቻ ወቅት ግን ለስንቅ መሠረት ከሆኑት አንዱ ይህ ሥርዓት ነበር።

አንበሳው ብር ላይ የወጣበትን ምክንያት ለማወቅ የውጫሌን ውል ማስታወስ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በጣሊያን በኩል መላክ እንደምትችል ሲገልጽ፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎታል። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ ባስታወቁ ጊዜ፣ እንግሊዝና ጀርመን ጉዳዩ በጣሊያን በኩል እንደሚሄድ የሚያስረዳ መልስ ላኩ። ንጉሡ የሀገራቸው ስም በሌሎች መዝገብ ውስጥ በሞግዚት ሥር መጻፉን ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲመታ የተወሰነውም በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወቅት መዋላቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ገንዘብ የሚመታና ቴምብር የሚያትም መንግሥት የሌላ ጥገኛ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል።

በሥራው ላይ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አማካሪና አስፈጻሚ ነበሩ። በንጉሡ ዘንድ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገሉ፣ አማርኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ብሩ በፓሪስ የገንዘብ ማምረቻ ተመታ። ሙሉው ብር 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ተባለ። የመዳብ ቤሳም ተከተለ። ቤሳ ከገበያ ከጠፋች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ስሟ ግን ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ቤሳ ቤስቲን የለኝም ባለ ቁጥር ይነሣል። የፖስታ ቴምብሮቹም በፈረንሳይ ታተሙ። ቅርጹን የሠሩት ዩጂን ሙሾን የተባሉ ፈረንሳዊ ቀራጭ ናቸው። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለው አራቱ የንጉሡን መልክ፣ ከፍ ያለው ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. በመሆኑ እነዚህ ቴምብሮች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሀገር ውጭ ብቻቸውን ደብዳቤ አያደርሱም ነበር። ሆኖም የሀገሪቱን ስምና ፊደል ይዘው በአውሮፓ ቴምብር ሰብሳቢዎች እጅ ገቡ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ገበሬው አንበሳውን ብር ለምን መለሰው? ሰፊው ገበያ ለብዙ ዘመን የለመደው ማርትሬዛን ነበር። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በሞተችበት ዓመት በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመታው ብር፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሲመታ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ቀጥሏል። ገበሬውና ነጋዴው የንግሥቲቱን የደረት ጌጥና የራሷን ማሰሪያ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፤ ነጠብጣቡ የደበዘዘ ብር አይቀበልም። ማር ሸጦ፣ ቅቤ ሸጦ፣ ሰንጋ ሸጦ የሚያገኛትን ጥቂት ብር በማሰሮ ከድኖ መሬት ውስጥ የሚቀብር ሰው፣ ያላረጀችና ያልተፈተነች ብር ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ቡናውን፣ ቆዳውንና ሰሙን የሚገዛው የቀይ ባሕር ነጋዴም ሒሳቡን የሚያስበው በማርትሬዛ ነበር። ለትንንሹ ግብይት ደግሞ አሞሌ አለ። ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው የጨው ቡሎ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ከቀለጠ ግን ያው ጨው ነው። የጠመንጃ ጥይትም በብዙ ገበያ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር።

ምኒልክ አዲሱ ብር በሀገሩ ሁሉ እንዲሠራበት አዘዙ፤ ማርትሬዛንም ለመተካት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። በአዲስ አበባና በሐረር አካባቢ የንጉሡ ብር ሲሠራበት፣ ከዚያ ርቆ ግን ወይ አይወሰድም ወይ ዋጋው ተቀንሶ ይወሰዳል። የተሻለ ተቀባይነት ያገኙት ትንንሾቹ ዝርዝር ገንዘቦች ናቸው፤ ምክንያቱም ማርትሬዛ ዝርዝር አልነበራትም። እዚህ ላይ ገበሬው ለንጉሡ ንቀት አሳየ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ይኸው ገበሬ ንጉሡ በጠሩት ጊዜ ዘምቷል። ለሀገር ያለውን ፍቅርና በማሰሮ የሚቀብረውን ብር ግን ለያይቶ ያይ ነበር፤ ብሩን የሚመዝነው በሚያውቀው ሚዛን ነው።

ያ ብር በተመታበት በ1887 ዓ.ም. ኅዳር ወር ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘመቱ። ንጉሥ ጦና በብርቱ ተከላከሉ፤ በመጨረሻ ቆስለው ተማረኩ። የሰውና የከብት ምርኮው እጅግ ብዙ ነበር። ከዚያ በፊት በአርሲ፣ በሐረርና በሌሎች ግዛቶች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1889 ዓ.ም. በከፋ ተመሳሳይ ዘመቻ ተካሂዷል። በብዙዎቹ አካባቢዎች መሬት ለወታደርና ለሹም ተከፋፈለ፤ ነባሩ አርሶ አደር ገባር ሆኖ ከምርቱና ከጉልበቱ የሚገብር ሆነ። በሰሜኑ አርሶ አደር ዘንድ የውጭ ወራሪን የመመከት ምልክት የሆነው አንበሳ፣ በደቡቡ ገባር ዘንድ ከግብርና ከመልከኛ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። የምኒልክ ስም ዛሬም ድረስ በአንድ ድምፅ የማይነሣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሀገር ምልክትን ታሪክ የሚጽፍ ሰውም ይህን ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ። ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ወደ ሰሜን የተጓዘው ሠራዊት መቶ ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል። አብዛኛው ደመወዝተኛ ወታደር ሳይሆን አርሶ አደር ነው፤ ስንቁን በአህያና በሚስቱ ጀርባ አዝሎ የዘመተ። ከክፉው ቀን ገና አራት ዓመት እንኳ አላለፈም፤ በሬ ገና አልተተካም። ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ሰው ለወራት ያለ እህል አቅርቦት ማቆየት እንደማይቻል ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር፤ የጣሊያኑ አዛዥም የኢትዮጵያ ጦር ስንቁ አልቆ እንዲበተን ሲጠብቅ ቆይቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ጣሊያን የውጫሌን ውል መሻርና የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ጨርቅ አልተሰፉም ነበር። ሦስቱ ቀለማት እንደ ረጃጅም ጥብጣብ ተነጣጥለው፣ ሾጣጣ ጫፍ ይዘው ከዘንግ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ከዓድዋ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1889 ዓ.ም. የፈረንሳይና የእንግሊዝ ልዑካን ተከታትለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሌሎችም ቀጠሉ። ሁሉም የየሀገራቸውን ባንዲራ ይዘው ይመጣሉ። በመስከረም 1890 ዓ.ም. ሦስቱ ቀለማት አግድም ተሰፍተው አራት ማዕዘን ሰንደቅ ዓላማ ሆኑ። አቀማመጡ ከዛሬው የተገለበጠ ነበር፤ ቀዩ ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ አረንጓዴው ከታች። በመካከሉ የንጉሡ ስም የመጀመሪያ ፊደል ም ተጽፎበታል። አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው በኋላ ነው።

እግረ መንገድ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሰንደቅ ማለት ዘንግ ወይም ምሰሶ ነው፤ ዓላማ ደግሞ ምልክት።  በዕለት ተዕለት ንግግር የተለመደው ባንዲራ ግን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጦሩ ከዓድዋ ተመልሷል፤ ቃሉ ግን በአማርኛ ውስጥ ቀርቶ ቤተኛ ሆኗል።

የቀለማቱ ትርጉም በየዘመኑ ተለዋውጧል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለኖኅ ከተሰጠው የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ጋር፣ ከሥላሴ ጋር፣ እንዲሁም ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ጋር አያይዘው ተርጉመውታል። በዘመናዊው መንግሥት ሕግ አረንጓዴው የሥራና የልምላሜ፣ ቢጫው የተስፋና የፍትሕ፣ ቀዩ የመሥዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ሆኗል። ከነዚህ ሁሉ ለገበሬ ቅርብ የሆነው አረንጓዴው ነው፤ ሰንደቁ በተሰፋበት በመስከረም ወር ማሳው አረንጓዴ፣ ዳገቱ ደግሞ በአደይ አበባ ቢጫ ነውና። ከክፉው ቀን ለተረፈ ሰው የሰብል አረንጓዴነት ምን ዋጋ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የግንባታ ነበሩ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ደረሰ። ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተተከለ፤ የማገዶ እጥረት ያስጨነቃት ከተማ ቦታዋን ሳትለቅ የቀረችው በእርሱ ነው። የሐበሻ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከመካከላቸው የእርሻ ሚኒስትር ነበር፤ ሹመቱ የተሰጠው ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ነው። በዚያ ጊዜ ሚኒስቴሩ ይህ ነው የሚባል ቢሮ አልነበረውም። ቢሆንም እርሻ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ በስም ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ንጉሡ ግን ታመሙ። ደጋግሞ የመታቸው ሕመም አካላቸውንና አንደበታቸውን አሰረ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ በምስጢር ቆየ። ሀገሩ ንጉሡ ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ፣ መልካቸው ያለበት ብርና ቴምብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከረመ። በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሯት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አስከሬናቸው ዐረፈ።

ያበጇቸው ምልክቶች ከእርሳቸው በኋላ የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ሰንደቅ ዓላማው ከሁሉም ርቆ ተጓዘ። በ1949 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ጋና ሦስቱን ቀለማት ከኢትዮጵያ ወስዳ በመካከላቸው ጥቁር ኮከብ አኖረች፤ ከዚያ ወዲያ በርካታ የአፍሪካ ሀገራት ተከተሉ። በሀገር ውስጥ ግን በመካከሉ የሚቀመጠው ዓርማ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሲለዋወጥ ኖረ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው የምኒልክ ሐውልት ከስፍራው ተነቅሎ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ።

ማርትሬዛ ደግሞ ምኒልክን፣ ኢያሱንና ዘውዲቱን አልፋ እስከ 1937 ዓ.ም. በገበያ ሠራች። ያኔ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከሕጋዊ መገበያያነት ተሰናበተች። የወጡት አዲስ ሳንቲሞች በጀርባቸው ያንኑ አንበሳ ይዘው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ገበሬው ተቀበላቸው። ብዙው ጠገራ ግን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት አልተመለሰም። ቀልጦ መስቀል፣ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆነ፤ የተቀረውም በየቤቱ ቀረ።

በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ ሥርዓት ሲያበቃ ከአንበሳው ራስ ላይ ዘውዱ ተነሣ፤ የያዘው መስቀልም ወደ ጦር ተለወጠ። አንበሳው ራሱ ግን ከገንዘብ ላይ አልወረደም። በ1969 ዓ.ም. በተመቱት ሳንቲሞች ላይ ዘውድ የሌለው የአንበሳ ራስ ይታያል። ከነዚያ ሁሉ በዋጋ የምታንሰው የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ናት። በአንደኛው ገጿ አንበሳው አለ፤ ስትገለበጥ ደግሞ ዕርፉን ጨብጦ ሁለት በሬዎችን የሚነዳ ገበሬ።